የክረምቱ ትንበያ መጥቷል፤ ለገበሬው ምን ብዬ ልንገረው?

ቆላ ጣቢያ | ግንቦት 24፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም እንዴት ናችሁ። ራያ ቆቦ ቆላው ላይ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነኝ። የአየር ንብረት ለውጥ ስልጠና እኛ ጋ በሽ በሽ ነው። ገብተን እንሰለጥናለን፣ አበላችንን ተቀብለን እንመለሳለን። ጣጣው የሚጀምረው ቀበሌ ስንደርስ ነው።

ሰሞኑን የክረምቱ ትንበያ ደረሰኝ። መልኩን ታውቁታላችሁ፤ «ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 20 በመቶ» የሚል ዓይነት ነው። ከጁምዓ በኋላ ሰው ሰብስቤ እንዳለ አነበብኩት። ሁሉም ዝም አለ። ከዚያ አንድ አባወራ ተነሡና «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ተወውና ማሽላዬን ልገልብጠው ወይስ ልጠብቀው? እሱን ንገረኝ» አሉኝ። ሌላ ሽማግሌ ደግሞ «ዘንድሮ ሰኔና ሰኞ ገጥሟል እንዴ?» ብለው ሰዉን አሳቁት። ለአባወራው የምሰጠው መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄዬ ይሄው ነው። ይህን ወረቀት ሰው ወደሚሠራበት ነገር የምትቀይሩት እንዴት ነው? ሌላ አካባቢ የሠራችሁ፣ የሰመረላችሁም ያልሰመረላችሁም ሐሳብ ጣል አድርጉልኝ። ኔትወርክ ሲኖር እየገባሁ አነባለሁ።

ዝናብ መለኪያ | ግንቦት 24፣ ከምሽቱ 3፡05

ወንድሜ፣ ደግ ጥያቄ ነው። ሜትሮሎጂ ጣቢያ ላይ ብዙ ዘመን ሠርቼ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንፍታው። የአካባቢህን የ30 ዓመት የክረምት ዝናብ ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድረው። የታችኛው አሥር ዓመት «ከመደበኛ በታች»፣ የመካከለኛው «መደበኛ»፣ የላይኛው «ከመደበኛ በላይ» ይባላል። ምንም ምልክት ከሌለ ዕድሉ ለሦስቱም እኩል ነው፤ እያንዳንዱ 33 ገደማ። ስለዚህ 45 ሲሆን ነገሩ ወደ ድርቀት አዘንብሏል እንጂ በእርግጠኝነት ይደርቃል አልተባለም።

ገበሬ ፊት በመቶ አታውራ። ሃያ የማሽላ ፍሬ ቁጠር። ዘጠኙን አንድ ቦታ፣ ሰባቱን አንድ ቦታ፣ አራቱን አንድ ቦታ አስቀምጥ። ከዚያ አንድ ላይ ቀላቅላቸውና «ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ ብታነሡ ከየትኛው ክምር የነበረው ይወጣል?» በላቸው። ዕጣ ነው። ዕጣ የማያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ጥሩ ቢሆን እንኳ «ዋሸኸን» አይሉህም፤ አራት ፍሬም ነበረችና።

ሁለተኛው ነገር ይከብዳል። ይህ ትንበያ የሚናገረው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርደው ጠቅላላ ዝናብ ነው። መቼ እንደሚገባ፣ መሀል ላይ ስንት ቀን እንደሚያቋርጥ፣ መቼ እንደሚወጣ አይናገርም። ድምሩ ልክ ሆኖ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቢቆረጥ ማሽላው በሚያብብበት ሰዓት ይጠማል። በዚህ ላይ የየአሥር ቀኑ መግለጫ ነው የሚረዳህ። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአሥር ቀኑ ያወጣል፤ ተከታተለው።

አንድ ልጨምር። የቅርብ ጣቢያ መዝገብ ካገኘህ በትልቅ ወረቀት ላይ የየዓመቱን ዝናብ በቁመት ሣልላቸው። ከዚያ የ2007ን ክረምት በጣትህ አሳያቸው፤ ፈረንጆቹ 2015 የሚሉትን የኤል ኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ የሚሞቅበት) ዓመት ማለቴ ነው። በዚያ የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ እንደሚፈልግ ነበር የተነገረው። መዝገቡ ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ የ1976ን ክረምት፣ የ77ቱን ረሃብ ያመጣውን፣ ጨምርበት። ሽማግሌዎቹ ዓመቱን ሳትነግራቸው አጭሯን መስመር አይተው ይነግሩሃል። ወረቀቱ እነሱ የሚያውቁትን ሲያውቅ ነው የሚያምኑት።

ደረቅ እውነት | ግንቦት 24፣ ከምሽቱ 3፡40

ይቅርታ አድርጉልኝና ትንበያ አይበላም። «ይደርቃል» ብለህ ነግረኸው ቶሎ የሚደርስ ዘር ካላቀረብክለት የሰጠኸው ጭንቀት ነው። ድሮ ሳያውቅ ይከስር ነበር፣ አሁን እያወቀ ይከስራል። በየዓመቱ «የመረጃ ተደራሽነት» እያሉ ይሰበሰባሉ። ገበሬው መረጃ አጥቶ ሳይሆን ምርጫ አጥቶ ነው የሚቸገረው።

አዝመራ | ግንቦት 25፣ ከጠዋቱ 2፡30

ደረቅ እውነት ግማሹ ልክ ብለሃል። ስለ ሌላው ግማሽ ላውራ። ማሽላ ላይ ነው የምሠራው።

የቆቦ ገበሬ አንድ ጊዜ ወስኖ የሚቀመጥ አይደለም። ሚያዝያ ላይ ዝናብ ካገኘ ደጋሊት ወይም ጅጉርቲ ይዘራል። ስድስት ወር ገደማ መሬት ላይ የሚቆይ ማሽላ ነው። ካልበቀለ ወይም በቅሎ ከጠፋ ይገለብጠዋል። ሰኔ መጨረሻ፣ ሐምሌ መግቢያ ላይ «መልካም» እንደሚባለው ያለ በአራት ወር ገደማ የሚደርስ የማሽላ ዝርያ ይዘራል። እሱም ካመለጠ ጤፍ አለ። ማሾ የሚባለው ጥራጥሬ ደግሞ በሁለት ወር ከምናምን ይደርሳል። ዋልካ መሬት ያለው ዝናቡ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ሽንብራ ይሞክራል። ይህን ማንም ዩኒቨርሲቲ አላስተማረውም።

እንግዲህ ትንበያህን እዚህ ላይ ስቀለው። የክረምቱ ትንበያ የሚመጣው ግንቦት መጨረሻ ነው። ለደጋሊት ዘግይቷል፤ ሰውየው ከዘራ ከረመ። ለመልካም፣ ለማሾና ለጤፍ ግን በሰዓቱ ነው የደረሰው። ስለዚህ «ክረምቱ እንዲህ ነው» ብለህ በጅምላ አትንገር። «ደጋሊታችሁ የሳሳባችሁ ሰዎች፣ ለሁለተኛው ዘር ይህን ስሙ» ብለህ ጀምር።

ቶሎ የሚደርሰውን ዘር «ገበሬው እምቢ አለ» የሚባለውም መጠየቅ አለበት። መልካም እ.ኤ.አ. በ2009 ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ሲወጣ ብዙ ተስፋ ተጥሎበታል፤ ፍሬውም ጥሩ ነው። ግን አጭር ነው። ረጅሙ ማሽላ አገዳው ለከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። ገበሬው ይህን ሁሉ ይደምራል።

ከዚያ ወፉ አለ። ለብቻው ቀድሞ የደረሰ ማሳ ላይ ግሪሳ ይሰፍርበታል። ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ከንጋት እስከ ማታ የሚጮህ ልጅ ያስፈልጋል። ልጁ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ነው። አንድ ገበሬ ምን አሉኝ መሰላችሁ፣ «አሥር ሆነን ጎን ለጎን ከዘራን ወፉ ይካፈለናል፤ ለብቻዬ ከዘራሁ የኔን ብቻ ይጨርሳል»። ይህን ምክር እኔ ባየሁት ማኑዋል ላይ አላገኘሁትም፤ ግን ከዘሩ እኩል መሰራጨት ያለበት እሱ ነው።

ደግሞ ሁሉም ነገር ብር አይጠይቅም። ሽልሻሎ ሲያርስ፣ ማለትም የበቀለውን ማሽላ መሀል ለመሀል ሲያርስ፣ ቦዩን በየጥቂት እርምጃው በአፈር ካሰረው የወረደው ውሃ እዚያው ይሰምጣል። ደጋሊቱ ደህና ለበቀለለት ሰው የድርቀት ትንበያ ማለት ይሄ ነው፤ ቦይህን እሰር።

ደረቅ እውነት | ግንቦት 25፣ ከጠዋቱ 4፡00

እሺ፣ የቦዩን ተቀበልኩ። ዘሩን ግን ማን ያምጣው?

አዝመራ | ግንቦት 25፣ ከጠዋቱ 4፡20

ለዚህ ነው ትንበያውን ከገበሬው በፊት የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መስማት ያለበት የምለው። ዘር ሐምሌ ላይ ተፈልጎ አይገኝም። ሰው በተሰበሰበበት ቀን መጋዘኑ ውስጥ ምን እንዳለ መታወቅ አለበት።

የቆቦ ልጅ (ሪያድ) | ግንቦት 25፣ ከምሽቱ 5፡15

እኔ ጥያቄ ነው ያለኝ። ሪያድ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ቤተሰቦቼ ቆቦ ገጠር ናቸው። ስልኬ ላይ ያለው አፕ የ14 ቀን የአየር ሁኔታ ያሳየኛል። የዝናብ ምልክት ባየሁ ቁጥር ኢሞ ላይ ደውዬ «አባዬ፣ ዝናብ እየመጣ ነው» እለዋለሁ። እሱ ይስቅብኛል። «የሪያዱ ይሆናላ» ይለኛል። ግን የዘሩንም የትራክተሩንም ብር የምልከው እኔ ስለሆንኩ ይጨንቀኛል። ያንን አፕ ልመነው ወይስ ልተወው? ብሩንስ መቼ ብልክ ነው የሚሻለው?

ዝናብ መለኪያ | ግንቦት 26፣ ከጠዋቱ 1፡20

እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ለብዙ ሰው የሚሆን ጥያቄ ነው ያነሣሽው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እመኚ። እስከ ሳምንት በጥርጣሬ ተመልከቺ። ከዚያ በላይ ያለውን ለአባትሽ አትንገሪ። አፑ መሬቱን በትልልቅ አራት ማዕዘን ከፋፍሎ ነው የሚያሰላው። ተራራውንና ሜዳውን አንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል። የክረምት ዝናብ ደግሞ አንዱን ጎጥ አርሶ ሌላውን ይዘላል።

የብሩ ነገር፦ ከዝናቡ ይቅደም። ዝናብ ጣለ ሲባል ብትልኪ ሁሉም ዘር የሚፈልግበት ሰዓት ነው፤ ዋጋው ይወደዳል፣ ትራክተርም ወረፋ ነው። አሁን፣ ግንቦት ሳይወጣ ብትልኪ አባትሽ ሁለተኛውን ዘር ይዞ ይጠብቃል። ከደመናው ሥዕል ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል።

ቤት ወንድም ካለሽ ደግሞ አንድ ሥራ ስጪው። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ አፉና ቂጡ እኩል የሆነ ጣሳ ይፈልግ። ከዛፍና ከቤት አርቆ በእንጨት ላይ ይሰረው። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ውሃውን በማስመሪያ ለክቶ ይጻፍና ይድፋው። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ለመዝሪያ እኛ ዘንድ የሚሠራበት ልክ አለ፤ በሦስት ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ከጣለ «ገባ» እንላለን፤ ቀጥሎ ባለው ወር ረጅም ድርቀት ካልመጣ። አባትሽም የራሳቸው መለኪያ አላቸው። ቆፍረው ያዩታል፤ እርጥበቱ ጠልቆ ካልገባ አይዘሩም። ሁለቱን አስተያዩ። በሚቀጥለው ስትደውዪ «ዝናብ እየመጣ ነው» ከምትዪ «ስንት ጣለ?» ብለሽ ጠይቂ።

ዳጉ | ግንቦት 26፣ ከሰዓት 9፡30

እኔ አፋር ነኝ፣ ከናንተ ሥር፣ ከጎሊና ወንዝ በታች። ወሬያችሁን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኛ ዘንድ መረጃ የሚሄደው በዳጉ ነው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ እጅ ነስቶ አይተላለፍም። ቁጭ ይላል። ሰላምታው ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ አንዱ ያየውን ይናገራል፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣሩ እንዴት ነው፣ የትኛው ጉድጓድ ደረቀ፣ ፍየል ላይ በሽታ አለ ወይ፣ ገበያው፣ ጸጥታው። ሰሚው አያቋርጥም። ሲጨርስ ግን ይመረምረዋል። በዓይንህ አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው? ከማን ሰማህ? መቼ? የውሸት ዳጉ ያወራ ሰው ስሙ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ማን ይሰማዋል?

ባለሙያ ሲመጣ «ትንበያው እንዲህ ይላል» ይለናል። «ማን አየው? መቼ ነው የወጣው?» ስንለው ፊቱ ይለዋወጣል። እኛ ልንሰድበው አይደለም። ዳጉ የምንቀበለው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ቆላ ጣቢያ፣ አንተም ወረቀቱን ስታነብ ማን እንዳወጣው፣ መቼ እንዳወጣው፣ የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ ተናገር። ያላየኸውን አላየሁም በል።

የኔ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ጎርፍ ይመጣል። ከናንተ ተራራ የወረደ ነው። ማታ ከሆነ ወንዝ ዳር ያደሩ ግልገሎችን ይወስዳል። እናንተ ስታዩት እኛ ጋ ለመድረስ ሰዓታት አሉት። አንድ ሰው ስልክ ቢደውል በቂ ነው። ግን ማን ለማን ይደውል?

ቆላ ጣቢያ | ግንቦት 27፣ ከምሽቱ 1፡45

ኔትወርክ መጣ። ሁሉንም አነበብኩ።

ዳጉ ወንድሜ፣ የስልኩ ነገር እኛ ጋ አለ፤ ግን ወደ ላይ ብቻ ነው የሚያየው። እዚህ ሜዳው ላይ ጎርፍ ጠለፋ የሚባል ነገር አለ። ጎሊናና ሆርማት ሲሞሉ ገበሬው በእሾህ፣ በድንጋይና በአፈር የሠራውን ክትር ይዞ ውሃውን ወደ ማሳው ይጠልፈዋል። ዝናብ ባይጥልለትም በደጋው ዝናብ ማሽላ ያበቅላል። ውሃው የሚቆየው ለትንሽ ሰዓት ነው። ተኝቶ ያመለጠው አመለጠው። ስለዚህ ደጋ ዘመድ ያለው ሰው ስልክ ይጠብቃል። «ላዩ ጠቁሯል፣ ተነሡ» ሲባል ሌሊትም ቢሆን አካፋ ይዞ ይወጣል። ወደ ታች፣ ወደናንተ ግን የሚደውል እንዳለ ሰምቼ አላውቅም። ለኛ በረከት የሆነው ውሃ ለናንተ መዓት እንደሚሆን የሚያስብም ያለ አይመስለኝም። ቅዳሜ የጠለፋውን አባቶች አገኛቸዋለሁ። ሁለት የታመነ ሰው እናመጣለን፤ አንተም ከናንተ ሁለት አምጣ።

የስብሰባው ነገርም አሳስቦኛል። ከጁምዓ በኋላ የሰማኝ ወንድ ብቻ ነው። የሽንብራውንና የማሾውን ዘር አስቀምጣ የምታቆየው ግን ሴቷ ናት። ቅሬ (እድር) ላይ፣ ወፍጮ ቤት፣ ቡና ላይ ነው የሚገኙት። ባለቤቴ እዚያው ሰፈር ስለሆነች በድምፅ ቀድቼ ልሰጣት አስቤያለሁ።

8028 የሚባለው የገበሬዎች የስልክ መስመርም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረ ነፃ መስመር ነው። በድምፅ ስለሆነ ማንበብ ለማይችል ሰው ይሆናል። ስለ አዘራርና ስለ ማዳበሪያ ጥሩ ነው። «ያንተን ማሳ ምን ላድርገው» ለሚለው ግን ያው ሰው ያስፈልጋል።

ያቤሎ | ግንቦት 28፣ ከጠዋቱ 3፡10

ከቦረና አጠር አድርጌ። እኛ ጋ ኮከብና ጨረቃ ቆጥረው ወቅቱን የሚናገሩ አያንቱዎች አሉ። የታረደ ከብት አንጀት አይተው የሚናገሩም አሉ። የሜትሮሎጂው ሰው መጀመሪያ ሲመጣ እነሱን ንቆ ነበር የመጣው፤ ማንም አልሰማውም። በኋላ አብረው ተቀምጠው ሁለቱም የየራሳቸውን ሲናገሩ ሰው ሰማ። ሲስማሙ ደስ አለው፣ ሳይስማሙ ደግሞ ተከራከረ። መከራከሩም አልከፋም።

ከእ.ኤ.አ. 2020 ማብቂያ እስከ 2022 ማብቂያ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ከሽፎብናል። ላ ኒኛ ነበር፤ የኤል ኒኞ ተቃራኒ፣ የፓስፊክ ውሃ የሚቀዘቅዝበት። ለናንተ ለሰሜኑ ላ ኒኛ ብዙውን ጊዜ ጥሩ ክረምት ነው፣ ለኛ ግን ተቃራኒው። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ «ዘንድሮ ዝናብ ጥሩ ነው» የሚል ስታዩ «ለየትኛው አካባቢ?» በሉ። አንዱ ስለ ወሎ የጻፈውን የኛ ልጆች ለቦረና ያጋሩታል።

ትንበያው ተነግሮን ነበር። ከብቱ ሳይከሳ በጊዜ የሸጠ ጥቂት ሰው ነው። ቀሪው ለምን አልሸጠም? ሁሉም በአንድ ቀን ከብት ይዞ ከወጣ ዋጋው ይወድቃል። ደግሞ ከብት ለኛ ገንዘብ ብቻ አይደለም። መረጃው ከገበያው ጋር ካልመጣ ደረቅ እውነት ያለው ነው የሚሆነው።

ደረቅ እውነት | ግንቦት 28፣ ከጠዋቱ 3፡25

አንድ ሰው ተስማማልኝ፤ ይመዝገብልኝ።

ቆላ ጣቢያ | ግንቦት 29፣ ከምሽቱ 2፡30

የናንተን ሐሳብ ይዤ ለድምፅ የሚሆን ረቂቅ ጻፍኩ። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። እርሙኝ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልን። ይህን ትንበያ ያወጣው የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ የወጣው ግንቦት ላይ ነው። እኔ ያየሁት አይደለም፣ ያነበብኩት ነው። ከሃያ ፍሬ ዘጠኙ ክረምቱ ይቀንሳል ይላል፣ ሰባቱ እንደወትሮው፣ አራቱ ይበዛል። ደጋሊታችሁ ደህና የበቀለላችሁ አትገልብጡት፤ ሽልሻሎ ስታርሱ ቦዩን እሰሩ። የሳሳባችሁ ለመልካም ወይም ለማሾ ተዘጋጁ። መልካም የምትዘሩ ከጎረቤት ጋር ተማክራችሁ ጎን ለጎን ዝሩ፣ ወፉን እንድትካፈሉት። ዝናቡ መቼ እንደሚገባ ይህ ትንበያ አያውቅም፤ በየአሥር ቀኑ የሰማሁትን ይዤ እመጣለሁ። እናንተም ጣሳው ላይ የለካችሁትን ንገሩኝ።»

ዝናብ መለኪያ | ግንቦት 29፣ ከምሽቱ 2፡50

ጥሩ ነው። የፍሬውን ነገር በድምፅ ብቻ ከሚሰሙት ፍሬውን ራሱን ያሳዩአቸው፤ ባለቤትህ በእጇ ትያዘው። ጣሳ የሚለካው ሰው ደግሞ ዝናብ ያልጣለበትን ቀን ዜሮ ብሎ ይጻፍ። ባዶ ከተወው ረስቶት ይሁን ደርቆ አይታወቅም።

ደረቅ እውነት | ግንቦት 29፣ ከምሽቱ 3፡00

ዘሩ የት እንዳለ አልተናገርክም።

ቆላ ጣቢያ | ግንቦት 29፣ ከምሽቱ 3፡15

ነገ ማኅበሩ መጋዘን ሄጄ ስንት ኩንታል እንዳለ አይቼ ዋጋውን ጭምር እጨምርበታለሁ። ባዶ ከሆነም ባዶ ነው ብዬ እቀዳዋለሁ፣ ሰው ገበያ ላይ ቀድሞ እንዲፈልግ።

የቆቦ ልጅ (ሪያድ) | ግንቦት 29፣ ከምሽቱ 4፡40

ድምፁን ስትቀዳ ለኔም ላክልኝ። የኛ ሰፈር ልጆች እዚህ የኢሞ ግሩፕ አለን፤ ለየቤተሰባቸው ያስተላልፉታል። ብሩን ዛሬ ልኬያለሁ።

ዳጉ | ግንቦት 30፣ ከጠዋቱ 12፡30

ከኛ ሁለት ሰው አግኝቻለሁ። አንዱ ወንዙ ዳር ሱቅ አለው፣ ስልኩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። አማርኛ ይችላል፤ ለቀሪው ሰው በአፋርኛ እሱ ይደውላል። ሌሊት የሚደውለው ሰው ከየትኛው ወንዝ እንደሆነ፣ በዓይኑ አይቶ እንደሆነ፣ ውሃው የት እንደደረሰ መጀመሪያ ይናገር፣ ሰላምታው በኋላ ይሁን። ቁጥሮቹን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ። የናንተን ሰዎች ቅዳሜ ካገኘሃቸው በኋላ ላክልኝ።